ሁሉም አስተባባሪ፣ አሸዋውን ማን ያንሳው?

ጎበዝ፣ ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ነገ መንገድ ላይ ስታገኙኝ ሰላም አትሉኝም። ግን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለችውን ሜዳ ታውቋታላችሁ አይደል? በየጊዜው አንድ ሕንፃ እየበቀለ ጎን ጎኗን ይበላታል። በተረፈችው ላይ የሰፈራችን ሴት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። የክለባቸውን በጎ ፈቃደኞች የማስተባብረው እኔ ነኝ።

ዛሬ ግማሽ ፍጻሜ ነበረን። እዚሁ እኛው ሜዳ ላይ! ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ቀን ነው።

ችግራችን ምን መሰላችሁ? በጎ ፈቃደኛ ሞልቷል፣ የሚመጣ ሰው የለም። ቫይበር ግሩፑ ላይ "አለሁ"፣ "መንገድ ላይ ነኝ"፣ "ደረስኩ" ይላሉ። ሜዳው ላይ ግን እኔና የሰፈሩ ውሾች ብቻ ነን።

ታዲያ በቀደም ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ "ሞቲቬሽን" ስልጠና ገባሁላችሁ። አስተማሪው "ሰው የባለቤትነት ስሜት እንዲኖረው ኃላፊነት ስጡት" አለ። ገባኝ።

ገብቶኝ ሞቻለሁ!

ለሁሉም ማዕረግ አደልኩ። ስፖርት ዕቃ የሚይዝልን አቤል የሎጂስቲክስ አስተባባሪ ሆነ። ጡረታ የወጡት ጋሽ ተካ የሜዳ ጉዳዮች አስተባባሪ። ማዕረግ ያልደረሰው ሲያኮርፍ ለእሱም "ምክትል" ፈጠርኩለት። ለሁሉም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ አሠራሁ።

እውነትም ሠራ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ሳይጎድል መጡ። በሰዓቱ! አበሻ፣ በሰዓቱ! እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ከዛ ሜዳውን አየነው።

ገልባጭ መኪና ለጎረቤት ግንባታ የመጣ አሸዋ ጎሉ ፊት ለፊት ደፍቶት ሄዷል። ክምሩ እኔን ያክላል። ዳኛው ሰዓቱን አየና፣ "ሜዳው በጨዋታው ሰዓት ካልተዘጋጀ ፎርፌ ነው። እንዳትለማመጡኝ" አለ።

"አካፋ ያስፈልጋል" አለ አቤል፣ ባጁን እያስተካከለ።

"ማን ያምጣው?" ስለው "እሱን ምክትሌ ይይዘዋል" አለኝ። ምክትሉ ጋሽ ተካን ያያል። ጋሽ ተካ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ክምሩን አንድ ጊዜ ዞሩት።

"ይሄ መነሳት አለበት" አሉ።

"አዎ ጋሽ ተካ፣ ማን ያንሳው?"

"እሱን እናንተ ተነጋገሩበት። እኔ አቅጣጫ ልስጥ።"

አሸዋው እኮ መንገድ አልጠፋበትም ጋሽዬ!

የግንባታው የቀን ሠራተኞች አዝነውልን አካፋና ባሬላ አዋሱን። እመኑኝ፣ ማንም አልነካውም። ባሬላውን ከበን ከየት በኩል እንጀምር በሚለው ላይ ተከራከርን። አንዷ ፎቶ አነሳችን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኛ ጌጡን አድርገን ሎሚውን መሬት ላይ ተውነው።

የልጆቹ አምበል ሲፈን መጥታ አጠገቤ ቆማ በስሜ ጠራችኝ።

"ሳሪ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ የኔ ቆንጆ፣ ሰዎቹን እያስተባበርኩ ነው።"

"አንቺ ለምን አታነሺውም?"

ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው?

"እኔማ ዋና አስተባባሪ ነኝ።"

በዚህ አፌ አልኩት። እንዳልኩት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲፈን አካፋውን አንስታ መዛቅ ጀመረች። ጓደኞቿም በማልያቸውና በታኬታቸው ተከተሏት። እኔ ያኔ ነው ለፎቶ ብዬ ባደረግኩት ነጭ ጫማ የገባሁበት። አቤልም አፍሮ ገባ። ጋሽ ተካ እንኳ የባሬላውን አንድ ጫፍ ያዙ።

ግን ረፍዶ ነበር። ገና ክምሩን እንዳጋመስነው ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ተጋጣሚዎቻችን ኳስ ሳይነኩ ወደ ፍጻሜ አለፉ።

ልጆቹ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። የተሸነፈ ሰው እኮ ቢያንስ ተጫውቷል። እኔ አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም። ሲፈን አላለቀሰችም፣ እኔንም ቀና ብላ አላየችኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ቤት ገብቼ ቫይበር ስከፍት ግሩፑ ጦፏል። "በጣም ያሳዝናል"፣ "ልብ ይሰብራል"። ከዛ አቤል፣ "ለፎርፌው ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም" ብሎ ጻፈ።

ይህ ክለብ ከተመሠረተ እንዲህ ያለ መነሳሳት አይቼ አላውቅም። "አለሁ"፣ "እኔም"፣ "እኔንም ጻፉኝ"። ቫይበር መጠቀም አልችልም የሚሉት ጋሽ ተካ ሳይቀሩ አውራ ጣት ላኩ።

ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም የእኔን ስም ጠሩ።

እሺ ብያለሁ።

አሁን ይህንን ለሲፈን የሚነግርልኝ አንድ በጎ ፈቃደኛ አይገኝም?