ባዶውን ቦታ የሚሞላው ስም

መሥሪያ ቤታችን ወደ ዘመናዊነት የተሸጋገረው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በቃለ ጉባኤ ስለሰፈረ አያጠራጥርም። አሠልጣኙ በጥቁሩ የኮምፒውተር መስኮት ላይ ሦስት መስመር ትእዛዝ አጻፈን፤ ስም ሲሰጡት ባለስሙን ሰላም ይላል፣ ስም ካልሰጡት ደግሞ «ሰላም፣ እንግዳ» ብሎ ይጽፋል።

አርቆ አሳቢነታቸውን ራሳቸው ደጋግመው የነገሩን ሥራ አስኪያጃችን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይሄ እንግዳ ማነው?»

«ማንም አይደለም» አለ አሠልጣኙ። «ቦታው ባዶ ከተተወ የሚገባ ነባሪ ቃል ነው።»

«እኔ እያለሁ ማንም ያልሆነ ሰው ሰላም አይባልም። ባዶ ቦታ ካለ የኔ ስም ይግባበት።»

አጨበጨብን። ስማቸውን በትምህርተ ጥቅስ መካከል የጻፍኩት እኔ፣ ጀማሪው ጸሐፊ ነኝ። ትእዛዟ ከሰላምታ ወደ ደብዳቤ አደገች፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ በእሷ ይጻፍ ጀመር፤ ባዶ ቦታ ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል። በሦስት ወር ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ ምስጉን ሴት ሠራተኛ ተብለው ተሸለሙ። «ሥራ ጾታ አይመርጥም» ብለው ተቀበሉ።

ከዚያ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፤ እምብዛም የማያስፈልግ አንድ ሰው ተመርጦ ይሰናበት የሚል።

«የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ጻፋት» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

እትዬ መዝገብ ቤት ጡረታቸው ሊከበር ስድስት ወር ነበር የቀራቸው። አሁን ከወጡ ባዶ እጃቸውን ነው። ሥራ የጀመርኩ ዕለት መቀመጫ ባጣ የራሳቸውን ወንበር የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚሰናበተውን ሰው ስም ጠየቀኝ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አሉኝ ፋይል ታቅፈው ሲያልፉ።

«ምንም አይደል እትዬ፤ ሆዴን ቆርጦኝ ነው።»

ፈሪ ነኝና እምቢ አላልኩም፤ ስማቸውን መጻፍ ግን አንጀቴ አልቻለም። ቦታውን ባዶ ትቼ አለፍኩት። ማን እንደሚሞላው ረስቼ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ሥራ አስኪያጁ ሳያነቡ ፈረሙ። አንብቦ መፈረም የበታችን አለማመን ነው ይሉ ነበር።

መልሱ በሳምንቱ ደረሰ፦ «ራስዎን በግንባር ቀደምነት ለስንብት በማቅረብዎ ያለንን አድናቆት እየገለጽን፣ ከዛሬ ጀምሮ የተሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን።» ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸውን የቆጫቸው ግን ያላነበቡት ነው።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«ማንም አልጻፈውም ጌታዬ። ባዶ ነበር።»

ሰኞ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ገቡ። ከቀድሞው ፈጽሞ የተለዩ መሆናቸውን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አስረዱን። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባዶው ቦታ ላይ አሁንም የሱ ስም ነው ያለው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አጥፋውና የኔን አስገባ።»

እትዬ መዝገብ ቤት ለአዲሱ ሹም የግል ማኅደር ሊከፍቱ ከመደርደሪያው ሥር ቆመው ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እስቲ ቀጭኑን ማኅደር አቀብለኝ። ብዙም አይሞላም።»