የሰናይት ቀርፋፋ ልብ

የእኛ ሰው ልብ እንዳለው የሚያስታውሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲያፈቅርና ደረጃ ሲወጣ። እኔ ፍቅሩን ከተውኩት ሰነባብቻለሁና የሚያስታውሰኝ የቢሮዬ ደረጃ ብቻ ነው። እናንተም ይህን ስታነቡ ደረታችሁን ዳሰስ ሳታደርጉ አልቀራችሁም። አይዟችሁ፣ ቦታው ላይ አለ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘነበች ልጅ ሰናይት ሯጭ ናት። እኛ የካ ላይ ገና ብርድ ልብስ ስንጎትት እሷ በባሕር ዛፉ መሐል እንጦጦን ወጥታ ወርዳለች። አንድ ክለብ ሊወስዳት ፈልጎ የጤና ምርመራ ጠየቃት። ነርሷ የደም ሥሯን ይዛ ሰዓቷን አየች፤ ደግማ ያዘች፤ ከዚያ ሰናይትን ትታ እናቷን አየች። የልጅቷ ልብ የሚመታው የሌላው ሰው ልብ ከሚመታው ግማሽ ያህሉን ነው። እትዬ ዘነበች እዚያው ሩጫ በቃ አለች። ክለቡ ደግሞ መልስ እየጠበቀ ነበር።

የልብ ሐኪም ዘንድ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ልቧን በስክሪን አሳየኝ። ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ደሙን ይሞላል፣ ጭምቅ አድርጎ ይልካል፣ ከዚያ ያርፋል። ደልቀቅ ያለ እረፍት። ዓመታት ሙሉ ዳገት የወጣ ልብ ጓዳው ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይጠነክራል አለኝ፤ ሌላው ተመላልሶ የሚያደርሰውን ደም የእሷ ባንድ ጉዞ ያደርሰዋል፤ ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል? በደንብ መርምሮ ጤነኛ ናት፣ ትሩጥ አለ። እኔ ግን ዓይኔን ከስክሪኑ መንቀል አቃተኝ። ዳዴ ስትል የማውቃት ልጅ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲሠራ ኖሯል፤ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያዘው። ደነቀኝ፤ እግዜር ይመስገን ማለቱ ራሱ አነሰብኝ።

እትዬ ዘነበችን ስክሪን አያሳምናትም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ሳትጠመቅ አትሮጥም አለች፤ ያውም በእግር ወጥተን፣ ስለት ነዋ። በማለዳ እህል ሳንቀምስ ተነሣን። በሽተኛዋን እናቷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ደግፈናት።

ዳገቱ ሲጠና ደጋፊና ተደጋፊ ተቀያየሩ። መቼ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ብቻ እኔ ባንድ ክንዷ፣ እናቷ በሌላው ተንጠልጥለናል፤ የጠበል መቅጃው ጀሪካንም የእናቷ ጋቢም እሷው ጀርባ ላይ ነው። ስለ ክለቡ ታወራናለች፤ እኛ የምንመልስበት ትንፋሽ የለንም።

ጠበሉ ዘንድ ስንደርስ አጥማቂው አባት ሦስታችንንም አየት አደረጉና መስቀላቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«አይዞህ ልጄ፤ ከጀመረህ ቆየ?»

የምመልስበት ትንፋሽ ስላልነበረኝ ተጠመቅሁ። ሰናይት ከእኔ ቀጥላ ተጠምቃ ስትመለስ እናቷ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች ሳበቻት። አንድ እጇን የልጇ ደረት ላይ፣ ሌላውን የራሷ ላይ አሳረፈች። የራሷ ገና ይደልቃል። የልጇ ወደ ዝግታው ተመልሷል፤ ቆየት ብሎ አንዴ፣ ቆየት ብሎ አንዴ። እትዬ ዘነበች ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሂጂ ሩጪ» አለቻት በመጨረሻ። «መጀመሪያ ግን አጎትሽን ቤት አድርሽልኝ።»