ቦታ የጠፋለት ሟች

በየሰፈሩ ሐዘኑን እንደ ርስት የያዘ አንድ ሰው አይጠፋም። ትንሽ ላቅልልህ ብትሉት የተቀማ ያህል ይቆጣል። እኔ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ የእኛን ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል።

የእኛ ክቡር ሐዘንተኛ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ይሰፋል፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ እተኩሳለሁ። ጋሼ ነው የምለው። ከዘነበ ሰማዩ ያለቀሰው ለእሱ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ተሳለቀችበት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው አፉ አምልጦት "እንዴት ነህ?" ካለ አለቀለት፤ ሱሪው ሳይለካ ይመሻል። መልሱ መቼም አይለወጥም፦ "እኔማ የሞትኩት ድሮ ነው። ያልቀበሩኝ ቦታ ጠፍቶ ነው።"

የሚያዝነው ለእጮኛው ነው። እጮኛው ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አልሞተችም። ማዶ ያለውን መካኒክ አግብታ፣ ልጆቿን እየጎተተች በበራችን ታልፋለች። "ደህና አደርክ?" ስትለው ብድግ ብሎ "እግዜር ይመስገን" ይላታል። ራቅ ስትል ወደ እኔ ዞሮ "ነፍሷን ይማር" ይላል። ምን ልበል? አሜን እላለሁ።

ቁራም አለው። ጠዋት ጠዋት መጥቶ መስኮታችንን በመንቁሩ ያንኳኳል። ጋሼ መቀሱን አስቀምጦ "ትመለሳለች?" ይለዋል። ቁራው "ቋ" ይላል። "ሰማህ? ቀረች አለኝ" ይልና ከቁርሱ ዳቦ ይቆርስለታል። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ የሚመጣው ለዳቦው ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። አንተ ሐዘን አይገባህም ብሎ ዘጋኝ።

ባለፈው ክረምት ሳንባውን ታመመና ሆስፒታል ተኛ። ልጠይቀው ስሄድ ጣሪያውን ያያል። እንዴት ነህ ስለው "ደህና ነኝ" አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

በማግስቱ ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። የስፌት መኪናው ጨርቁን እንደለበሰ ቆሟል። ቁራው አንኳኳ፤ ዳቦ ሰጠሁት። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ሰው የለም። "ጋሼ ይመለሳል?" አልኩት።

"ቋ" አለኝ። እኔ አዎ ነው ብዬ ያዝኩት።

ከረመ፣ ከረመና አንድ ጠዋት ከስቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ገባ። መኪናው ፊት ተቀመጠ። መስኮቱ ላይ ያለውን ቁራ ገላመጠው፤ ወፍሯል። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

"እዚያም ቦታ የለም አሉኝ" አለ።

"አይ ያንተ ዕድል፣ ጋሼ" አልኩና ወደ ካውያዬ ዞርኩ። ቀና ካልኩ መደሰቴን ያያል፤ ካየ ደግሞ ይቀየመኛል።