የሠላሳ መስመር አዋጅ

ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች በታላላቅ ውሳኔዎች ይታወሳሉ፤ የእኛ በሠላሳ መስመር ይታወሳል።

የሠራተኛ የዕረፍት ፈቃድ የሚወስነው የኮምፒውተር ፕሮግራማችን ውስጥ እንደ ባለጉዳይ ሰልፍ የረዘመ አንድ የኮድ ክፍል ነበር። ሆዱን የሞሉትን «ካልሆነ»ዎች በሙሉ ያስጨመሩት ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። «የሚያገባ ይፈቀድለት፤ ሥራ የበዛበት ወር ካልሆነ፤ ቢሆንም እኔን ከጠራ» ይላሉ፤ ኮዱን የምትጽፈው ፕሮግራመራችን ታስገባለች። በመጨረሻም «ኮዱ የሚገባው አንድ ሰው ምንጊዜም ከቢሮ አይጥፋ» አሉ። አርቆ አሳቢነታቸውን አድንቀን አጨበጨብን።

ከዚያ የኮድ ውስብስብነት የሚለካ መሣሪያ መጣ። ለካው፣ መብራቱ ቀላ። ሥራ አስኪያጁም ቀሉ።

«ከእንግዲህ ከሠላሳ መስመር የሚበልጥ የኮድ ክፍል እንዳላይ።»

«ጌታዬ፣ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የማያስፈልጉትን እንቀንስ» አለች ፕሮግራመሯ።

«የትኞቹን?»

«እርስዎ ያስጨመሯቸውን።»

«ችግሩ ርዝመቱ ነው። መለኪያው አረንጓዴ ሳይሆን ሠርግ ምናምን የሚባል ነገር አልሰማም።»

ሠርጓ ደርሷል። ምስኪን፣ ኮዱን ሠላሳ መስመር በሞላበት ሁሉ፣ ሐሳቡ አለቀ አላለቀ ሳትል ቆራረጠችው። «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እያለችም ሰየመችው። መለኪያው አረንጓዴ በራ።

ፈቃድ ስትጠይቅ ግን ፕሮግራሙ «ከእርስዎ በቀር ኮዱ የሚገባው ሰው የለም» ብሎ ከለከላት። እውነቱን ነው። ድሮ ባልደረባዋ እኔም እየተደናበርኩ እረዳው ነበር፤ አሁን ክፍል ሰባት ላይ ጠፍቼ ክፍል ሃያ ላይ ስገኝ ጊዜ «አይገባኝም» ብዬ ፈርሜ ስሜን ኮዱ ከሚገባቸው ሰዎች ዝርዝር አስወጥቻለሁ። እናቷ ደውለው «እና ልጄ፣ ሙሽራውን ብቻውን እንዳረው?» አሏት። አንጀቴን በላችኝ።

ለአረንጓዴው ክብር በተጠራው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ። «ከጨለማ ወደ ብርሃን ተሸጋግረናል! ይህ ኮድ ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው።»

«ለእርስዎም ገብቶዎታል ጌታዬ?» አለች ሙሽሪት በትሕትና።

«እንደ ውሃ ነው የጠጣሁት» አሉ፣ በእንግዶች ፊት።

ወዲያው ሄዳ ስማቸውን ኮዱ ከሚገባቸው ሰዎች ተርታ አስገባች። ፈቃዷም ወጣ።

በሠርጉ ቀን ሥራ አስኪያጁ ከረባታቸውን አስረው ፈቃድ ጠየቁ። ፕሮግራሙ ከለከላቸው፤ ኮዱ የሚገባው ሰው ከቢሮ አይጠፋማ።

«አንተ፣ ይሄን ነገር አስተካክልልኝ» አሉኝ።

«እኔ አይገባኝም ጌታዬ። የጠጡት እርስዎ ነዎት።»

ሠርጉ ላይ የክብር ወንበራቸው ባዶ እንዳይሆን እኔ ተቀመጥኩበት። ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ክፍል አራት ደርሻለሁ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ‹ካልሆነ› ያስጨመረው የትኛው ደደብ ነው?»

ዘፈኑ በዝቶ አልሰማሁዎትም አልኳቸው።