እየተለመኑ የሚበሉ ልጆች

የወንድሜ ሚስት ስንዱ በኮሮናው ዓመት ስሜን አጠፋችው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቿን ከባሕር ዳር አምጥታ ደብረ ታቦር እኔ ላይ ጣለቻቸው። ተለምኖ የሚበላ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳህን ይዛችሁ ግቢውን ስትዞሩ እሱ እንዳኮረፈ ባላባት ፊቱን ያዞርባችኋል።

«እትዬ፣ ‹በሞቴ› ካላሏቸው እኮ አይበሉም» አለችኝ በስልክ።

በሽታው እጅ ታጠቡ አለ እንጂ ልጅ ለምኑ አላለም! ሽሮውን አቀረብኩ፤ እምቢ ሲሉ ዝም ብዬ አነሳሁ። በማግስቱ ቅቅል ድንች ከነልጣጩ ተሻሙ።

ስንዱ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጆቼን በረሃብ የቀጣች ንፉግ» ብላ አወራችብኝ።

በዓመቱ ለፋሲካ መጣች። ዶሮ ወጥ አቀረብኩላት። አንዴ ጎርሳ፣ እንደ ወጉ «በቃኝ፣ እትዬ» ብላ እስክለምናት ጠበቀች።

መሶቡን አንስቼ እጇን አስታጠብኳት።