የፈረንጅ ስም በበረንዳ ሲፈተን

አሜሪካ ውስጥ ለልጅ ስም ማውጣት ልጁን ከመውለድ ይከብዳል። ይህን የምጽፈው እናቴ ከማታይበት ክፍል ሆኜ ነው። አገር ቤት ስም ሲወጣ የሚታሰበው ትርጉሙ ነው አሉ፤ እዚህ ግን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው አስተማሪዋ ትችለዋለች ወይ የሚለው ነው።

እኔ ለምሳሌ እጹብድንቅ እባላለሁ። ትርጉሙን ማን ይጠላዋል? ነገር ግን ትምህርት በተጀመረ ቁጥር አስተማሪዎች ስም እየጠሩ መጥተው እኔ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን ያወልቁና ይጠርጉታል። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ያኔ ሳይሞክሩት በፊት እጄን አወጣለሁ። በሰው ፊት መታየት ለማይወድ ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት አለ? ስለዚህ እህት ስትወለድልኝ በልቤ ቆረጥኩ፤ ይህቺ ልጅ የፈረንጅ ስም ይኖራታል፤ እንደ ሰው ቁጭ ብላ ትጠራለች።

አባቴም ከእኔ ጋር ነበር። የሱ ምክንያት ሌላ ነው፤ የፈረንጅ ስም ያለውን ሰው ለሥራ ሲያመለክት ቶሎ ኮል ያደርጉታል ባይ ነው። እናቴ የምትፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነበር። የቀሩት አክስቴ ናቸው። እትዬ ዘውዴ የአባቴ ታላቅ እህት ሲሆኑ እናቴን ሊያርሱ ከደሴ ስካይላይን እስከሚባለው ሰፈራችን ድረስ መጥተዋል፤ ከመጡ ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ስሟ ሰኞ መመዝገብ ነበረበት፤ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጅቷ “ቤቢ” ነበረች።

አክስቴ የፈረንጅ ስም አልጠሉም። ስም የሚወጣው ሊጠሩበት ስለሆነ ተጠርቶ ይታይ አሉ እንጂ። ደጅ የምትጫወት ልጅ ራት ደርሷል ስትባል ካልሰማች ስሙ ምን ሊረባ ነው? አባቴ፣ እትዬ፣ እዚህ ልጅ የሚጠራው በስልክ ነው ቢላቸው፣ አንተን ከወንዝ ማዶ ስጠራህ በስልክ ነበር ወይ ብለው በረንዳው ላይ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ከሥራችን ያለው ሣር ላይ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ፈረንጅ ሁሉ ውሻውን ያናፍሳል።

አባቴ ያቀረበው ቤላን ነበር። አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ “ቤላ፣ ነይ ግቢ” ሲሉ ሁለት ውሾች ቀና አሉ። አንዷ ሹራብ ለብሳለች። አጋጣሚ ነው ተባለ። ሉና ሲባል ሦስት ዞሩ። ዴዚ ስትጠራ አንዲት ትንሽዬ ጸጉራም ጭራሽ ወደ እኛ መምጣት ጀመረች። ለካ ፈረንጅ የሚያምረውን ስም ሁሉ ለውሻው ሰጥቶ ጨርሷል። ለልጁ ምን ሊተርፈው ነው?

የእኔ ተራ ደረሰ። ለወራት በልቤ የያዝኩትን ስም፣ ስቴላን፣ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ገና ሲጠሩት ጥጃ የምታክል ጥቁር ውሻ ጌታዋን እየጎተተች መጥታ በረንዳችን ሥር ቁጭ አለች። ሰውዬው ቀና ብሎ ምን አጠፋች ብሎ ጠየቀ። አባቴ መልሺለት ቢለኝ እኔ መጋረጃው ውስጥ ገብቻለሁ።

አክስቴ በቃኝ አሉ። የወንድሜ ልጅ ከውሻ ጋር ሞክሼ አትሆንም፤ ፅዮን ትባላለች ብለው ቆረጡ። አባቴም እሺ አለ። እኔ “ፅ”ን ስሰማ የአስተማሪዎቹ መነጽር ሁሉ ታየኝ፤ ግን ለእትዬ ዘውዴ እምቢ የሚል ሰው እስካሁን አልተወለደም።

አድልዎ እንዳይሆን እሱም ይፈተን ተባለ። “ፅዮን፣ ነይ ግቢ” አሉ አክስቴ። አንድም ውሻ ጆሮውን አላነቃነቀም። በኩራት ወደ እኛ ዞር ከማለታቸው ግን የበረንዳ በሮች መከፈት ጀመሩ። ሕንፃው በሐበሻ የተሞላ መሆኑን ረስተነው ነበር። ከላያችን አንዲት ፅዮን የጥርስ ብሩሽ እንደነከሰች ብቅ አለች፤ ከጎናችን ሌላዋ ፎጣ ጠምጥማ፤ ከማዶ ደግሞ ሁለት እህትማማቾች የሚመስሉ፣ ማንኛቸው ፅዮን እንደሆነች አላውቅም። ሁሉም “ዋት?” አሉ። አቤት ያለች የለችም። ብሩሽ የነከሰችው፣ “አይም ቢዚ” ብላ በሩን ዘጋችው።

አክስቴ ምን እንዳለቻቸው ጠየቁኝ። አለሳልሼ ተረጎምኩላቸው። ወደ ታች አዩ። ጥቁሯ ውሻ አሁንም ቁጭ ብላ ትእዛዝ ትጠብቃለች።

ሰኞ እህቴ ስቴላ ተብላ ተመዘገበች። አራስ ጠያቂዎች ስሙ ከየት መጣ ሲሏቸው አክስቴ የሚመልሱት አንድ ነው፤ እዚህ ሰፈር አንዲት ስቴላ አለች፣ አንዴ ሲጠሯት ሮጣ መጥታ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ፤ ዘንድሮ እንዲህ ያለ አስተዳደግ ከየት ይገኛል? ሰሚው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ባለፈው እሁድ የመጡ አንዲት እናትማ፣ ያላገባች ከሆነች ለልጄ ጠይቁልኝ ብለው ሄደዋል።