አውቆ የተኛው ተሳፋሪ

ጡረታ ድሮ የሚፈራ ነገር ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ በሰፈራችን አንድ ሰው «ጡረታ ሊወጣ ነው» ከተባለ፣ ሴቶቹ ወሬውን የሚያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሰውየው ራሱ በመሸኛው ቀን የተሸለመውን ጋቢ ለብሶ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ፣ አላፊ አግዳሚው ሰላምታ የሚሰጠው ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው። ዕድሜዬ በስህተት ተጽፏል ብሎ ምስክር የሚቆጥር፣ አንድ ሁለት ዓመት ለማስጨመር ደጅ የሚጠናም አይጠፋም ነበር። ዘንድሮ ነገሩ ተገልብጧል። ሥራ ከያዘ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ «በአርባ ዓመቴ ጡረታ እወጣለሁ» ይላችኋል። ሥራ ያጣው ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ሥራ ያገኘው መውጫ ፍለጋ ይንከራተታል፤ በዚህ መሀል የሚሠራው ማን እንደሆነ እንጃ።

በሰው እያላገጥኩ እንዳይመስላችሁ። በሽታው እኔንም ይዞኝ ነበር።

የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ መጋዘን ውስጥ። ጠዋት ከብርዱ ወደ ሙቀቱ እወርዳለሁ፣ ማታ ከሙቀቱ ወደ ብርዱ እወጣለሁ። ዶሮ መዝለያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወልቃለሁ፣ ስመለስ እዚያው ስደርስ መልሼ እለብሰዋለሁ። ይህን ስንት ዓመት ሳደርግ እንደኖርኩ ሹራቡ ይመስክር። ታዲያ አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ፣ ሸሚዝ ያልለበሰ አንድ ሰውዬ የባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ጡረታ ወጥቷል። ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? ጥቃቅን ወጪ ነው። «የምታወጣትን እያንዳንዷን ሳንቲም ጻፍ፣ የማታስፈልገዋን ቁረጥ» ይላል። እኔ ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሃምሳ ሳይሞላኝ ሸሚዜን ለማውለቅ ቆረጥኩ።

ደብተር ገዛሁ። (የመጀመሪያዋ ወጪ ራሷ ደብተሯ ነበረች፤ ጻፍኳት።) ፒያሳ ብቅ ባልኩ ቁጥር የማልቀርባትን ማኪያቶ ፈታኋት። ቁርስ ተውኩ። ባጃጅ ትቼ ከቤቴ እስከ መናኸሪያ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ባለቤቴ አስካለ «ጫማው ሲያልቅስ?» ብትለኝ ቁጠባ አልገባትም ብዬ አለፍኳት። ጫማ ሰፊው ግን ወዲያው ገባው። የስኳር ጣሳውን ከማድ ቤት አውጥቼ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጸጉሬን በመቀስ ራሴ ቆረጥኩ። ይህችን እንዝለላት።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ስደምር ከሁሉም በላይ ገዝፎ የተገኘው ወጪ ማኪያቶም ባጃጅም አይደለም። የሰው ሒሳብ ነው።

ሌላ አገር ላላችሁ አንባቢዎች ላስረዳ። በእኛ መስመር ሚኒባስ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ሒሳቡን መክፈል ግዴታችሁ ነው። «የምታውቁት» ስል ወንድማችሁን አይደለም። ልጁ ከልጃችሁ ጋር የሚማር፣ አንድ እድር ያላችሁ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት አጠገባችሁ የተቀመጠ ሁሉ ይቆጠራል። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ደግሞ የማይተዋወቅ ሰው የለም፤ ቢኖርም ዳገቱን ሳይጨርስ ይተዋወቃል። ታዲያ ረዳቱ እጁን ሲዘረጋ ጦርነት ይነሳል። «እንካ፣ የአራት ሰው!» ይላል አንዱ። «ኧረ በአላህ ተው!» ይላል ሌላው። «እኔ እያለሁማ አይሆንም!» «በሞቴ!» «ወላሂ እቀየምሃለሁ!» ክንድ ይያዛል፣ ብር ይቀማል፣ ረዳቱ የማንን ብር እንደሚቀበል ግራ ገብቶት መሀል ላይ ይንገላታል። ቀድሞ የሰጠ ያሸንፋል። ተሸናፊው አኩርፎ በመስኮት እያየ ይወርዳል፤ ነገ ቀድሞ ለመስጠት ብሩን ጠዋት ከቤቱ ጨብጦ ይወጣል።

ዛሬ የከፈለ ነገ ይከፈልለታልና ዞሮ ዞሮ ማንም አይጎዳም። ችግሩ ያለው ደብተሬ ላይ ነው። የከፈልኩትን እንጂ የተከፈለልኝን የምጽፍበት ቦታ አልነበረውም። የባሕር ዳርቻው ሰውዬም ስለዚያ ያለው ነገር አልነበረም።

መፍትሔ ፈለግሁ። የማውቀው ሰው እያለ ሳልከፍል ዝም ብል ነውር ነው። ሰላም ሳልል ብገባ ኩራት ነው። በመጨረሻ አንድ ንጹሕ መንገድ ተገለጠልኝ፦ እንቅልፍ። የተኛ ሰው አይከፍልም፣ የተኛ ሰው አይታማም። ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ጥጉን እይዝና፣ ኮፍያዬን ግንባሬ ላይ ደፋ አድርጌ፣ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ አፌን በጥቂቱ ከፈት አደርጋለሁ። አፍ መክፈት ወሳኝ ነው፤ አፉን ገጥሞ የሚተኛ ሰው አይታመንም።

የመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻ ስደርስ የራሴን ብቻ ልከፍል ብር ሳወጣ ረዳቱ እጁን አወዛወዘ።

«ያንተ ተከፍሏል» አለኝ።

«ማን ከፈለ?»

በአገጩ ወደ ውጭ ጠቆመኝ። ጋሽ ሰይድ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሲሄዱ አየኋቸው። ጋሽ ሰይድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የደሴ ብርድ ጉልበታቸውን ስለሚይዛቸው በየጠዋቱ ኮምቦልቻ ይወርዱና የአንድ ወዳጃቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ውለው ይመለሳሉ። ምስክርነቴን ልስጥ፦ በዚያ መስመር ማንም ቀድሟቸው ከፍሎ አያውቅም።

ያን ቀን ያፈርኩ እንዳይመስላችሁ። ደስ አለኝ። የሰው ሒሳብ ልቀንስ ብዬ የራሴም ቀረልኝ። እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። ጋሽ ሰይድ ባይኖሩ ሌላው ይከፍልልኛል፤ ካሉ ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ወር ላይ ግን አንዳንድ ነገር እሰማ ጀመር። ዓይን ቢጨፈን ጆሮ አይጨፈንም። «ይኸ ልጅ ከሳ እኮ» ትላለች አንዷ። እውነቷን ነው፣ ቁርስ ትቻለሁ። «ጸጉሩንስ አላያችሁትም? ቦታ ቦታውን ረግፏል!» ይላል ሌላው። መቀሱ ነው። «ድሮ እንዲህ አይተኛም ነበር፤ ኩላሊት ይሆን?» «ኧረ ስኳር ነው አሉ፣ ያረቢ!» አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ሲያሙት ግን ጥርት አድርጎ ይሰማል። ዓይኔን ገልጬ «ደህና ነኝ» እንዳልል፣ እንዳልተኛሁ ሊታወቅብኝ ነው። አፌን ከፍቼ ቀጠልኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አስካለ ስትከፍት ሚኒባሱ ግቢያችን ቆሟል ብል ማጋነን አይሆንም። ሰዎቹ ሁሉ አሉ። ጋሽ ሰይድ ከፊት፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘምዘም ብርቱካን ይዘው፣ ኮምቦልቻ ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚመላለሱት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሌሎቹ ስኳር በኪሎ ይዘው። የኔን ጣሳ የማያውቅ ሰው ስኳር ይዞልኝ ሲመጣ ምን እንደሚሰማኝ ለእናንተ ልተወው።

አስካለ ነገሩ በአንድ አፍታ ገባት። ሁሉን ነገር የምታውቀው እሷ ናት፤ በየማታው የእንቅልፍ ድሌን ስተርክላት ሰምታለችና። አሁን በአንድ ቃል ልታዋርደኝ ትችላለች። እሷ ግን ማር የመሰለ ድምፅ አውጥታ፣ «በሽተኛው፣ ጋቢ ልደርብልህ?» አለችኝና ደረበችልኝ። ከዚያ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከኪሴ ወስዳ፣ የሦስት ወር ስኳሬን በአንድ ጀንበር ሻይ ውስጥ አሟሟችው።

ጋሽ ሰይድ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ አሚንና አሜን ባንድነት ወጣ። ከዚያ ወይዘሮ ዘምዘም ፖስታ አወጡና መዳፌ ውስጥ አስቀመጡ።

«ከመኪናው ሰው ነው፣ ለመድኃኒት። ትንሽ ናት፣ እንዳትቀየመን» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ከነገ ጀምሮ በዚያ መስመር ስም የለኝም፤ ልጆቼም የአታላይ ልጆች ይባላሉ። ፖስታውን ብወስድ ደግሞ ሌባ ነኝ። በዚያች ፖስታ ውስጥ ጉልት የሚቸረችሩ ሴቶች ብር እንዳለ አውቃለሁ። ላቤ መጣ። «ይኸው ያልበዋል» አሉና ባሰባቸው። «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ድካም ነው» ብዬ ከሁለቱም የከፋውን መረጥኩ፦ ዋሽቼም ተቀበልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ ነው የተተረተው።

ሌሎቹ ሲወጡ ጋሽ ሰይድን የአጥሩ በር ላይ ለብቻቸው አስቀረኋቸው። ፖስታውን ዘረጋሁላቸው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይመልሱልኝ። እኔ አልታመምኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። «እንዴት አወቁ?»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ አስተምሬያለሁ። የተኛ ተማሪና የተኛ የሚመስል ተማሪ ይጠፋኛል? ማንም ሳይቀሰቅስህ መናኸሪያው በር ላይ ልክ ትነቃ የለም እንዴ!»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ይከፍሉልኝ ነበር?»

ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሰው ኪሱ ባዶ ሲሆን ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔም ደመወዝ የዘገየብኝ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ፋብሪካው ደመወዝ ከልክሎት ይሆናል፣ ነቅቼበት አላሳፍረው፣ አልኩ። ለሰዎቹም አልነገርኩም።»

አፈርኩ። የመምህር ጡረታ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ ካላችሁ መምህር ጠይቁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግራችኋል። በዚያች ጡረታ ነው እንግዲህ የኔ ጡረታ ሲጠራቀም የከረመው። ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ ከባሕር ዳርቻው ሰውዬ ጀምሬ እስከ ስኳር ጣሳው ዘከዘክሁላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። የአጥሩን እንጨት ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ቆይ፣ ጡረታ ወጥተህ ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ምንም… ማለቴ፣ ያሰኘኝን። ጠዋት ሳልቸኩል ተነስቼ፣ ከሰው ጋር እየተጫወትኩ…»

«አብሽር፣ እኔ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ብሬን እጨብጣለሁ፣ ያቺ መኪና ውስጥ እገባና የሰው ሒሳብ እከፍላለሁ። ሌላ ያሰኘኝ ነገር አልተገኘም፣ ወላሂ።»

ፖስታውን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። የተሰጠ ሰደቃ አይመለስም፣ ብትናገርም ከአንተ ይልቅ የሚያፍሩት እነሱ ናቸው፣ በመጣበት መንገድ አሳልፈው፣ አሉኝና ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ቁልቁል ወረዱ።

በመጣበት መንገድ ማለት መቼም ግልጽ ነው። ሰኞ ጠዋት ቁርሴን በላሁ፣ ደብተሩን ቤት ተውኩ፣ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። ጥጉን ትቼ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ብሬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተሳለሙኝ ገቡ፤ ጋሽ ሰይድም መጥተው አጠገቤ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ረዳቱ እጁን ሲዘረጋ ከሁሉም ቀደምኩ።

«የሁሉም ሰው፣ ከዚህ!»

የለመድኩትን ጦርነት ጠበቅሁ። ክንዴን የሚይዝ፣ በሞቴ የሚል ጠበቅሁ። መኪናው ጭጭ አለ። ከዚያ ከኋላዬ ወይዘሮ ዘምዘም ለቄሱ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

«ቀኑን አውቆት ነው፣ ምስኪን። ሰደቃ ማውጣት ጀመረ።»

«ይተዉት፣ ለነፍሱ ያድርግበት» አሉ ቄሱ።

አንገቴ እየጋለ፣ እሳቸው እንኳ ይሟገቱኛል ብዬ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞር አልኩ። በዚያ መስመር ማንም ቀድሟቸው ከፍሎ የማያውቀው ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈዋል፣ ኮፍያቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተዋል፣ አፋቸውን በጥቂቱ ከፍተዋል። ተኝተዋል።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ስንደርስ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ነቁ።

«ደረስን እንዴ?» አሉኝ።